ባሕር የሌላት ነቀምትና መርከብ የተሳፈሩት

አውሮፓን በመርከብ ለመዞር ለተሰናዳ ሰው የሚሰጠው የዝግጅት ዝርዝር የትም ቦታ ያው ነው። ለእራት የሚለበስ ሙሉ ልብስ ወይም ረጅም ቀሚስ፣ ወደብ ላይ ሲወረድ የሚደረግ ምቹ ጫማ፣ የማቅለሽለሽ ክኒን፣ የሶኬት መቀየሪያ፣ ለአስተናጋጅ ጉርሻ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ። ከዚያ የባህል ምክር ይከተላል። ጀርመን ቀጠሮ ሲይዝ ደቂቃ አያሳልፍም፤ ስዊድን ቤት ሳይጠሩ አይሄዱም፤ ጣሊያን ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ አይጠጣም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻችሁን ሸፍኑ። (ይቺን የመጨረሻዋን ለእኛ አገር ሰው መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው።)

እኔ ይህን ዝርዝር ይዤ ወደ ነቀምት ልወስዳችሁ ነው። መቼም "ነቀምትንና መርከብን ምን አገናኛቸው?" ማለታችሁ አይቀርም። እውነታችሁን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች ናት። ከማንኛውም ወደብ ጋር የሚያገናኛት ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን የወለጋና የአጎራባቾቹ አገሮች ታሪክ ከመርከብ ጋር የተሳሰረው ዛሬ አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ምድር ወጥተው መርከብ የተሳፈሩ ሰዎች ነበሩ። ሲሄዱ ምን ይዘው ሄዱ? የተመለሱትስ ምን ይዘው መጡ? የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይዘጋጁ የተሳፈሩ

የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ዝርዝር የሰጣቸው የለም። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸውም የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ አገራችን የሚፈነገሉ ልጆች በጎጃም ገበያዎች፣ በመተማና በምጽዋ በኩል እየተሸጡ ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይነዱ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ ዕጣቸው አውሮፓ ሆነ።

ከነዚህ አንዷ ቢሊሌ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ናት። ፑክለር ሙስካው የሚባል ጀርመናዊ መስፍን፣ በአትክልት ሥፍራ አሠራሩና በጉዞ መጽሐፎቹ የታወቀ ሰው፣ በ1837 ግብፅ ውስጥ ከባሪያ ገበያ ገዛት። ገና ልጅ ነበረች። ከአገር አገር ይዟት ዞረ፤ አውሮፓም አሻገራት። ማኅቡባ የሚል ስምም ወጣላት። ጥቅምት 1840 ሙስካው በምትባለው የጀርመን ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተች። መቃብሯ ዛሬም እዚያው አለ። ከትውልድ አገሯ ይዛው የወጣችው ቋንቋዋን ብቻ ነበር፤ በዚያ ከተማ ደግሞ የሚያናግራት አልነበረም።

በዚያው ዘመን ማክሲሚልያን የሚባል የባቫርያ መስፍን ከምሥራቅ ጉዞው ሲመለስ አፍሪካውያን ልጆችን ወደ ሙኒክ ይዞ ገባ። አስተማሪ ሆኖ የተመደበላቸው ካርል ቱትሼክ የሚባል ወጣት ምሁር ከመካከላቸው ኦሮሞ የሆነውን ሲያስተምር እሱ ራሱ ተማሪ ሆነ። ቃል በቃል ከልጁ አፍ እየለቀመ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ቱትሼክ በ1843 ሞተና መጽሐፉን ወንድሙ በ1844 ሙኒክ ውስጥ አሳተመው።

ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አውሮፓ ውስጥ ስለ ኦሮምኛ ከታተሙት የመጀመሪያ መጽሐፎች አንዱ የተገኘው ተሸጦ ከመጣ ልጅ አንደበት ነው። ልጁ ሻንጣ አልያዘም፤ ጫማ ስለማድረጉም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ፈንጋዩም ሻጩም ሊቀሙት ያልቻሉት አንድ ጓዝ ነበረው።

ሂካ የተባለው ልጅ

አሁን ነቀምት ከተማ መሐል መቃብሩ ወዳለው ሰው ልምጣ። በ1850ዎቹ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ሂካ አሉት። "ሂኩ" በኦሮምኛ መፍታት ነው፤ የታሰረን መፍታትም፣ ቃልን መፍታትም፣ መተርጎምም። በአማርኛም እኮ ፍቺ እንደዚያው ነው፤ እስረኛም ይፈታል፣ ሕልምም ይፈታል፣ ቅኔም ይፈታል። እንግዲህ ወላጆቹ ስም ሲያወጡለት የሚሆነውን ሁሉ ያወቁ ይመስል "ፈቺ" ብለውት ነበር።

አባቱ በልጅነቱ ሞተ። ልጁ ከእናቱ እጅ ተሰረቀ፤ ተሸጠ፤ እንደገና ተሸጠ። በባርነት ዘመኑ ነሲብ የሚል ስም ወጣለት፤ በዓረብኛ ዕጣ፣ ዕድል ማለት ነው። በ1870 ምጽዋ ሲደርስ በዚያ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና ወደ ስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ ከጳውሎስ መልእክት የተወሰደ ነው፤ የፊልሞና ባሪያ የነበረው ኦነሲሞስ።

የሚገርመው ስዊድኖቹም ለጉዞ የተዘጋጁ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1866 ምጽዋ የወረዱት ኦሮሞዎች ዘንድ ለመድረስ አልመው ነበር። መንገዱ አላሳልፍ አላቸው። እነሱ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ሲያቅታቸው፣ የባሪያ ንግዱ የኦሮሞ ልጆችን ወደ ባሕሩ ዳር አወረደላቸው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ የሚያስቀይም ቀልድ ታውቃለች።

ኦነሲሞስ ስድስት ዓመት ሚሲዮኑ ዘንድ ከቆየ በኋላ በ1876 ወደ ስዊድን ተላከ። እዚህ ላይ ወጣቱ ራሱን ችሎ መርከብ ተሳፍሯልና አንቱታው ይገባቸዋል፤ እንደ ደንቡ እቀጥላለሁ። ስቶክሆልም አጠገብ ዮሐነሉንድ በሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ 1881 ድረስ አምስት ዓመት ተማሩ። ነቀምትም ሁሩሙም ከምድር ወገብ ብዙ አይርቁም፤ ክረምት ከበጋ ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ሌሊቱ በደንብ ሳይጨልም ይነጋል። ጠዋትና ማታ የሚባለው ነገር ራሱ ትርጉሙ የሚለወጥበት አገር ነው። የሹካና የቢላዋው ነገር ከዚህ አጠገብ ሲቆም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይታያችሁ።

ደግሞም እኚህ ሰው ከዚያ በፊት ስንት የባህል ልዩነት ተሻግረው ነበር! ከኢሉባቦር እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ ከምጽዋ እስከ ስቶክሆልም ካለው በኪሎ ሜትር ቢያንስም በልዩነት አያንስም። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዓረብኛ የሚነገርበትን አገር ሁሉ እንደ ዕቃ እየተነዱ አልፈውታል። ስዊድን ሲደርሱ እንግዳ መሆንን አዲስ አልተማሩትም። አስቀድመው በገዛ አህጉራቸው ላይ ተምረውታል።

ከጀልባ የወረዱት አስቴር

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ፤ ሴት ስለሆኑ ይመስለኛል። አስቴር ጋኖ በ1870ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ የኦሮሞ ልጅ ናቸው። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ባሪያ ሆነው ቆይተው፣ ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ ቀይ ባሕር ላይ ሲጓዙ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ደርሶ አስጣላቸው። ወደ ባሕሩ ዳር መልሶ አወረዳቸው። እሳቸውም ከምጽዋ ወጣ ብላ እምኩሉ ላይ ወዳለው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገቡ።

ኦነሲሞስ ከስዊድን ከተመለሱ በኋላ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት አንዴ በሱዳን፣ አንዴ በታጁራ በኩል ሞክረው አልሆነላቸውም። ስለዚህ በትርጉም ሥራ ተጠመዱ። ችግሩ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነበርና የልጅ ቋንቋ ለትልቅ መጽሐፍ አይበቃም። አስቴር የገቡት በዚህ ቦታ ነው። 15 ሺህ ያህል ቃላት የያዘ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አጠናቀሩ። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን ከቃል እየሰበሰቡ 500 ያህል አከማቹ። ከዚህ የተገኘው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። ያን ጊዜ ሴትየዋ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። እኔና ጓደኞቼ ባለንበት ዕድሜ ማለት ነው፤ እኛ የመመረቂያ ጽሑፍ 60 ገጽ ሲሆን የምናማርረው።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በ1897 አለቀ። ኦነሲሞስም እንደገና መርከብ ተሳፈሩ፤ በዚህ ጊዜ የሄዱት ስዊዘርላንድ ነው። ባዝል ከተማ አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ ኅትመቱን ተቆጣጠሩ። መጽሐፉ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። ነፃ ያወጣቸው ሰው ስዊዘርላንዳዊ ነበር፤ መጽሐፋቸው የታተመውም በእሱ አገር ሆነ።

ሁለቱን ጉዞዎች አስተያዩልኝ። በመጀመሪያው ኦነሲሞስ ሊማሩ ሄዱ። በሁለተኛው ፈረንጅ አታሚ ምን ፊደል የት እንደሚገባ የሚያዙት እሳቸው ነበሩ። ከአውሮፓ ጋር ያለው ልዩነት ያው እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው በእጃቸው የያዙት ነገር ነው። በእጃቸው ደግሞ አስቴር ቃል በቃል የለቀሙት ቋንቋ ነበር።

ከባዱ ወደብ

የዝግጅት ዝርዝሮች የሌላቸው አንድ ገጽ አለ፤ የመመለሻው ገጽ።

ኦነሲሞስና አስቴር ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። ኦነሲሞስ ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ከተሳፈሩ 28 ዓመት በኋላ! ያን ጊዜ ሌቃ ነቀምትን የሚገዙት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በልጅነት ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ። ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ ባላባት ናቸው። መጤዎቹን በደህና ተቀበሏቸው፤ ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ አስተማሩ፤ ሰበኩ። አስቴርም አስተማሩ። የነቀምት ልጅ በእናቱ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ሲነበብለት ሰማ።

ሁለት ዓመትም አልቆየ፣ በ1906 ኦነሲሞስ ተከሰሱ። የአካባቢው ካህናት "ማርያምን አያከብርም" አሉ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። ግዞት ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አለሳልሰው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። እንደ ልባቸው እንዲሰብኩ የተፈቀደላቸው በ1916፣ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። አሥር ዓመት!

እዚህ ላይ አንዱን ጠቦት፣ ሌላውን ተኩላ አድርጎ መሳል ቀላል ነው። አልፈልግም። ካህናቱ የኖሩበትን ሃይማኖት የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከባሕር ማዶ ትምህርት ጋር የመጣን ሰው መጠርጠራቸው ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አይደለም። ከአድዋ ጦርነት ገና አሥር ዓመቱ ነው። ግን ይህን ልበል፦ ስቶክሆልም ላይ ለአምስት ዓመት ያልተከለከሉት ሰው ነቀምት ላይ ለአሥር ዓመት ዝም ተባሉ። ትልቁ የባህል ልዩነት የጠበቃቸው ከመርከቡ ወርደው አገር ቤት ሲገቡ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ከነቀምት ተመልሰው አልወጡም። አስቴር እስከ 1964 ኖሩ።

አንበሳ ይዞ መሄድ

ከወለጋ ለአፍታ ወጣ ብዬ የቤተ መንግሥቱን ጉዞ ላንሳ፤ ያለ እሱ ማወዳደሪያ አይኖረንም። ኦነሲሞስ ነቀምት ላይ በሕይወት ሳሉ፣ በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. (1924) አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለረጅሙ የአውሮፓ ጉብኝታቸው ተነሡ። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ስለነበር እስከ ጅቡቲ በባቡር ነው፤ ከዚያ በመርከብ። ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንን፣ አቴንን አዳረሱ። ራስ ኃይሉ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ ሙሉጌታ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ አብረዋቸው ነበሩ። መሳፍንቱን ይዞ መሄድ ራሱ ዝግጅት ነበር። ዓለምን ይዩ፤ ደግሞም ጌታው በሌሉበት አገር ቤት ተቀምጠው አይምከሩ።

ከጓዙ መካከል አንበሶች ነበሩ፤ ለእንግሊዙ ንጉሥና ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት የሚሰጡ። የአውሮፓ ጋዜጦች በካባውና በአንበሳው ተደሰቱ። ዋናው ጉዳይ ግን ለኢትዮጵያ የባሕር በር ማግኘት ነበር፤ እሱ አልተሳካም። ያም ሆኖ ባዶ እጅ አልተመለሱም። ከመቅደላ ከተወሰዱት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱን እንግሊዞች መለሱ፤ ከኢየሩሳሌምም "አርባ ልጆች" የተባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች ለሙዚቃ ጓድ ወደ አዲስ አበባ መጡ።

አንበሳ ይዞ የሄደ አንበሳውን ሰጥቶ ይመለሳል። ቋንቋ ይዞ የሄደ ግን ሰጥቶት እንኳ አይጎድልበትም።

ከቦጂ እስከ ለንደን

የመጨረሻው መንገደኛዬ የወለጋ ልጅ ናቸው። አማኑኤል አብርሃም በ1913 ቦጂ ተወለዱ፤ ኦነሲሞስ ወለጋ እንደገቡ ያረፉባት፣ የወንጌላውያን ትምህርት አስቀድሞ የገባባት አገር ናት። አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው አስበ ተፈሪ ላይ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በ1935 ገና በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለንደን ወዳለው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን በጸሐፊነት ተላኩ።

ሚኒስትሩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። የእሳቸው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ በ1868 በሕፃንነታቸው ከመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው ሄዶ ሕንድ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። አንድ ቢሮ ውስጥ ሳይጠየቁ የተሳፈሩት ሽማግሌና ተልከው የተሳፈሩት ወጣት ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኢጣልያ ወረረች። ጸሐፊ ሆኖ ደብዳቤ ሊገለብጥ የሄደ ወጣት አገሩ በጠላት እጅ ስትወድቅ በባዕድ ከተማ የአገሩን ስም የያዘ ቢሮ ውስጥ ተገኘ። ለዚህ የትኛው ዝርዝር ያዘጋጃል? አማኑኤል ከጦርነቱ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፤ በ1955 እዚያው ለንደን አምባሳደር ሆነው ተመለሱ። ከ1963 እስከ 1985 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። መቶ ዓመት አልፈው በ2016 አረፉ።

እና እኛስ?

ሜዲትራኒያን ዛሬም ሁለት ዓይነት መርከብ ይንሳፈፍበታል። አንዱ ሦስት ሺህ መንገደኛ፣ መዋኛ ገንዳና ሲኒማ የያዘው ነው። ሌላው የላስቲክ ጀልባ ነው። በ2016 ብቻ በዚያ ባሕር ከ5 ሺህ በላይ ስደተኞች ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። የእኛ አገር ልጆችም ያን መንገድ ያውቁታል። ወለጋ ውስጥ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ግጭቱ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ በ2020 መጀመሪያ ለወራት የቆየው የስልክና የኢንተርኔት መቋረጥ ወጣቱን "ብቻ ልውጣ" አሰኝቶታል። ሂድ ወይም አትሂድ ለማለት ሥልጣኑ የለኝም። ከ1837 ጀምሮ ያለው ታሪክ ግን አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ተዘጋጅቶ መሄድ ማለት ከዚህ ወጥተህ ስትጠየቅ ስለራስህ የምትመልሰውን ማወቅ ነው። ቀሪው ሶኬት መቀየሪያ ነው።

ለነገሩ ላልሄድነውም የሚሆን አንድ ጉዞ አለ። የ1899ኙ መጽሐፍ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ በቁቤ ብቻ የተማረ የነቀምት ልጅ የኦነሲሞስንና የአስቴርን ሥራ እንደታተመ ቢሰጡት ፊደሉን አያነበውም። ኦሮምኛ የማትሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ፊደሉን አንድ በአንድ ታነበዋለች፤ አንዲት ቃል ግን አይገባትም።

ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡስ? አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ አንዱ ሰምቶ ይፈታል። "ሂካ" ማለት ይኸው አይደል?